ማርያም የሳመችው ፊት
ስለ ውበት ማስታወቂያና ስለ ሴቶች ክብር የቀረበ ትምህርት



ከጎንደር ተነሥቶ በዳባት በኩል ወደ ደባርቅ የሚያቀና መንገደኛ፣ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል በሚሆነው መንገድ የገብሱን ማሳ፣ የበጉን መንጋና ከሩቅ የሚታየውን የስሜን ተራሮች ሰንሰለት እያየ ይጓዛል። ወደ ከተሞቹ በገባ ጊዜ ግን ዓይኑን የሚስበው ሌላ ነገር ነው። በሴቶች የውበት ሳሎን በር ላይ ፀጉሯ እንደ ሐር የተለቀቀ፣ ፊቷ የነጣ፣ የየት አገር ሰው እንደ ሆነች የማትታወቅ ሴት ሥዕል ተሰቅሎ ያያል። በሱቁ መደርደሪያ ላይ ከሳሙናውና ከሻማው አጠገብ ልዩ ልዩ ቅባትና ሎሽን ተደርድሯል፤ በየማሸጊያውም ላይ ያችው ሴት ፈገግ ብላለች። ማታ በቴሌቪዥን፣ ከዚያም በበለጠ በእጅ ስልክ እንደገና ትመጣለች።

ይህች ሴት ስሟ አይታወቅም፤ ዘመድም የላትም። ሆኖም ከእናትና ከአክስት ይልቅ የምትሰማበት ጊዜ አለ። በዚህ ጽሑፍ ልንመረምር ያሰብነው እኅቶቻችንና ሴቶች ልጆቻችን በመስታወት ፊት ሲቆሙ ራሳቸውን በማን ዓይን እንደሚያዩ ነው። መዋብ ኃጢአት ነው ለማለት አልተነሣንም። እንዲያውም እንዲህ ብሎ በችኮላ መፍረድ የሚያስከትለውን ጉዳት እኛው ራሳችን አይተነዋል።

1. ከአንዲት ተማሪ የተማርነው

ከጥቂት ዓመታት በፊት በደባርቅ አካባቢ የምትኖር አንዲት የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና ወደ እኛ መጣች። የመጣችው ለኑዛዜ ሳይሆን ለምክር ነበር፤ ታሪኳንም ለሌሎች ትምህርት ይሆን ዘንድ፣ ስሟ ሳይጠራ እንድንናገረው ፈቅዳልናለች።

በቤታቸው ታላቅ እኅቷ «ቀዮ»፣ እርሷ ደግሞ «ጥቁሬ» እየተባሉ ነው ያደጉት። ስሙ በፍቅር የወጣ ነው፤ ማንም ሊያስከፋት አላሰበም። እንግዳ በመጣ ቁጥር ግን «ይችኛዋ ማንን መስላ ነው?» የሚለው ጥያቄ ይነሣል። ልጅቱ የእንቁላል መሸጫ ገንዘቧን አጠራቅማ ከአንድ ሱቅ የሚያቀላ ክሬም ገዛች። በዕቃው ላይ የሠሪው አድራሻ አልነበረም፤ በውስጡ ምን እንዳለም አይገልጽም። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ፊቷ ፈካ፤ ጓደኞቿም «አማረብሽ» አሏት። ከዚያ በኋላ ግን ፊቷ ይለበልባት፣ ይላላጥም ጀመር። ደንግጣ ስትተወው ደግሞ ጉንጮቿ ከቀድሞው ይልቅ ጠቆሩ።

ነጠላዋን ገለጥ አድርጋ፣ «አባ፣ ይህ ኃጢአት ነው?» ስትል ጠየቀችን።

እኛም የተማርነውን መለስንላት። ስለ ከንቱ ውዳሴ፣ መልክ እንደ ሜዳ አበባ ስለ መርገፉ፣ የውስጥ ውበት ከውጭው ስለ መብለጡ ነገርናት። የተናገርነው ሐሰት አልነበረም። ልጅቱ ግን አንገቷን ደፍታ ሰማችን፤ ተነሥታም ሄደች፤ ለብዙ ወራትም በግቢያችን አልታየችም። አንድ ኀፍረት ይዛ መጥታ ሁለት አሸክመን እንደ ሰደድናት የተረዳነው በኋላ ነው። ክሬሙን ማን እንደ ሸጠላት፣ በውስጡ ምን እንዳለበት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ፊቷ መጠገን ያለበት ነገር መሆኑን ማን እንዳስተማራት አንድም ጥያቄ አላቀረብንላትም። ይህ ጽሑፍ በከፊል ያን ጊዜ ልንሰጣት ይገባን የነበረው መልስ ነው።

2. ማስታወቂያ መድኃኒቱን ከመሸጡ በፊት በሽታውን ይሸጣል

ማስታወቂያ በራሱ ክፉ አይደለም። ገበሬው ምርጥ ዘር የት እንደሚገኝ፣ እናት የልጇ ክትባት መቼ እንደሚሰጥ በማስታወቂያ ያውቃሉ። የውበት ማስታወቂያ ግን ብዙ ጊዜ የተለየ መንገድ ይከተላል። ዕቃውን ከማቅረቡ አስቀድሞ ሰሚው ጉድለት እንዳለበት እንዲያምን ያደርጋል።

ለዚህ የታወቁ ምሳሌዎች አሉ። ሊስተሪን የተባለው ፈሳሽ በ1879 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ሲሠራ ለቀዶ ሕክምና የሚሆን ፀረ ተሕዋስያን ነበር። በ1920ዎቹ ዓመታት ሻጮቹ ለአፍ ጠረን መድኃኒት ነው ብለው አስተዋወቁት፤ «ሃሊቶሲስ» የሚለውን ብዙ ሰው የማያውቀውን የሕክምና ቃል አወጡና ወዳጅ ለወዳጁ የማይነግረው አሳፋሪ በሽታ አስመሰሉት። ጂሌት የተባለው ኩባንያም በ1915 እ.ኤ.አ. ለሴቶች የተለየ ምላጭ ለገበያ ባቀረበ ጊዜ፣ እስከዚያ ድረስ ብዙዎች ከቁም ነገር የማይቈጥሩት የብብት ፀጉር የሚታፈርበት ሆኖ ተገለጠ።

ለእኛ የቀረበው ምሳሌ ግን የሕንዱ ነው። «ፌር ኤንድ ላቭሊ» የተባለው የሚያቀላ ክሬም በዚያ አገር ለገበያ የቀረበው በ1975 እ.ኤ.አ. ነው። ማስታወቂያዎቹ ለብዙ ዓመታት ያሳዩት የነበረው ጠቆር ያለች ልጅ ሥራ ወይም ባል አጥታ ስታዝን፣ ክሬሙን ከተቀባች በኋላ ግን ሁሉ ሲሳካላት ነበር። ኩባንያው ከብዙ ነቀፌታ በኋላ በ2020 እ.ኤ.አ. «ፌር» የሚለውን ቃል ከስሙ አወጣ። ክሬሙ ግን በአዲስ ስም መሸጡን ቀጠለ። ለ45 ዓመታት የተዘራው ትምህርት በስም ለውጥ ብቻ ከልብ እንደማይነቀል ማስተዋል ይገባል።

3. ሥዕል ወደ አንድ መንደር ሲገባ

«ሥዕል ማየት ምን ይጎዳል?» የሚል ሊኖር ይችላል። ለዚህ ከእኛ እጅግ ርቆ በሚገኝ የገጠር አገር የተደረገ ጥናት መልስ ይሰጠናል። በፓስፊክ ውቅያኖስ ባሉት የፊጂ ደሴቶች፣ ናድሮጋ በተባለው አውራጃ ቴሌቪዥን የገባው በ1995 እ.ኤ.አ. ነበር። በዚያ አገር ልማድ ሞላ ያለ ሰውነት የጤና፣ የሥራና የቤተ ሰብ እንክብካቤ ምልክት ሆኖ ይከበር ነበር። አን ቤከር የተባሉ አሜሪካዊት ሐኪምና ተመራማሪ በዚያው ዓመት 63 ተማሪ ልጃገረዶችን፣ ከሦስት ዓመት በኋላ በ1998 ደግሞ ሌሎች 65 ልጃገረዶችን ጠየቁ። የአመጋገብ መታወክ ምልክት የታየባቸው ከ12.7 ከመቶ ወደ 29.2 ከመቶ ከፍ አሉ። ክብደት ለመቀነስ ሲሉ ራሳቸውን የሚያስመልሱ በ1995 አንዲት እንኳ አልነበረችም፤ በ1998 ግን 11.3 ከመቶ ሆኑ። በዚያ ጊዜ ከተጠየቁት መካከል 74 ከመቶ የሚሆኑት አንዳንዴም ቢሆን «ከመጠን በላይ ወፍራም ነኝ» ብለው እንደሚያስቡ ተናገሩ።

የተጠየቁት ጥቂቶች ናቸው፤ በዚያ ዘመን ከቴሌቪዥኑ ሌላ ለውጥም ገብቶ ነበር። ቢሆንም ነገሩ ያሳስባል። የልጃገረዶቹ ሰውነት በሦስት ዓመት ውስጥ ሌላ አልሆነም፤ የተለወጠው መለኪያው ነው። ዛሬ በደባርቅና በዳባት በአንዲት ተማሪ እጅ ያለው ስልክ በአንድ ማታ የሚያሳያት የፊት ብዛት አያቷ በዕድሜ ዘመኗ ካየችው ሳይበልጥ አይቀርም። ያም ሁሉ ፊት በማሽን የተስተካከለ ሊሆን ይችላል። እንግዲህ ልጅቱ ራሷን የምታስተያየው ከእውነተኛ ሰው ጋር እንኳ አይደለም።

4. የራሳችን መስታወት

የደጋ እናቶቻችን መዋብን ያውቁበት ነበር፤ ዛሬም ያውቁበታል። ፀጉር በቅቤ ይለሰልሳል፤ ሹሩባ ይሠራል፤ እጅና እግር በእንሶስላ ይቀላል፤ ዓይን ይኳላል፤ አንገት በድሪ፣ እግር በአልቦ ያጌጣል። ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ የሚለው ብሂል የሚያሳየን መዋብ ከበዓል፣ ከደስታና ከማኅበር ጋር የተያያዘ መሆኑን ነው። ሹሩባ የምትሠራ ሴት ራሷን በሌላይቱ ሴት ጭን ላይ ታሳርፋለች፤ እየተጨዋወቱም ሰዓቱ ያልፋል። ውበቷ ከሌላ ሰው እጅ የምትቀበለው ስጦታ ነው። ማስታወቂያው ግን ሴትን ለብቻዋ በመስታወት ፊት አቁሞ ጉድለቷን እንድትቈጥር ያደርጋታል።

የሕዝባችን ቋንቋ በዚህ ረገድ አንድ ድንቅ ነገር አቆይቶልናል። ሕፃን በቆዳው ላይ የተለየ ምልክት ይዞ ሲወለድ፣ «ማርያም የሳመችው ነው» ይባላል። በሌላ አገር እንከን ተብሎ መጥፊያ የሚፈለግለት ምልክት በእኛ ዘንድ የእመቤታችን የከንፈሯ ማረፊያ ሆነ። አንድ ሰው በገዛ ቆዳው እንዳያፍር ለማድረግ ከዚህ የበለጠ ትምህርት ከየት ይገኛል?

ይሁንና ያለፈውን ሁሉ በማር መቀባት እውነትን መበደል ነው። ድዷን በመርፌ የተነቀሰች እናት ሕመሙን ታስታውሳለች። መልከ ጥፉን በስም ይደግፉ ብሎ የተረተውም የራሳችን ሕዝብ ነው። ሰውን «ቀይ»፣ «የቀይ ዳማ»፣ «ጠይም»፣ «ጥቁር» ብሎ መለየቱ መልክን ለማወቅ ብቻ ቢሆን ባልከፋ፤ ነገር ግን ስንቶቻችን ነን ለወንድማችን ሚስት ስትታጭ አስቀድመን «ቀይ ናት?» ብለን የጠየቅን? እንግዲህ ማስታወቂያው ባልታረሰ መሬት ላይ አልዘራም። መሬቱን በምላሳችን አርሰን፣ አለስልሰን የጠበቅነው እኛው ነን። ያች ተማሪ «ጥቁሬ» የሚለውን ስም የሰማችው ከእናቷ ቤት እንጂ ከቴሌቪዥን አልነበረም። ሻጩ የመጣው ቁስሉ ከተከፈተ በኋላ ነው።

5. ስለ ጤና መታወቅ ያለበት

የሚያቀሉ ክሬሞች ሁሉ አንድ ዓይነት አይደሉም። ብዙ ጉዳት ያደረሱት ግን ከሦስት ነገሮች አንዱን ወይም ሁለቱን የያዙ ናቸው።

ሀ/ ሜርኩሪ፣ ማለትም ባዜቃ፤ ኩላሊትን ይጎዳል፤ ቆዳን ያሳክካል፣ ያዥጎረጉራል፤ ነርቭንም ይነካል። ነፍሰ ጡር ሴት ብትቀባው ለፅንሱ ይተርፋል። በ2013 እ.ኤ.አ. የተፈረመውና በ2017 በሥራ ላይ የዋለው የሚናማታ ስምምነት በአንድ ኪሎ ግራም ውስጥ ከ1 ሚሊ ግራም በላይ ሜርኩሪ ያለባቸው የመዋቢያ ቅባቶች እስከ 2020 ከገበያ እንዲወጡ አዝዞ ነበር። በ2023 ደግሞ አባል አገሮች ይህንኑ መጠን አንሥተው፣ ሜርኩሪ የተጨመረበት ማናቸውም የመዋቢያ ቅባት እስከ 2025 እንዲቀር ወሰኑ።

ለ/ ሃይድሮኪኖን፤ በሐኪም ትእዛዝ ለተወሰነ ጊዜ የሚሰጥ መድኃኒት ነው። ያለ ሐኪም ለረጅም ጊዜ ሲቀቡት ግን ፊትን ወደ ሰማያዊ በሚያደላ ጥቁረት ሊያበላሽ ይችላል። ጥቁረትን የሸሸ ሰው በማይለቅ ጥቁረት ይያዛል ማለት ነው።

ሐ/ እንደ ክሎቤታሶልና ቤታሜታዞን ያሉ ስቴሮይዶች፤ ለቆዳ በሽታ የሚታዘዙ መድኃኒቶች ሲሆኑ፣ ለማቅላት ሲባል ለረጅም ጊዜ ከተቀቡ ቆዳን ያሳሳሉ፤ ብጉርና ሸንተረር ያመጣሉ። በድንገት ሲተዉም ፊት ሊለበልብና ሊቀላ ይችላል። ስለዚህ የጀመረች ሴት ዕቃውን ይዛ ወደ ጤና ጣቢያ ሄዳ ብትማከር ይሻላታል።

በእኛ አገር ደጋ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ ቆዳን የሚያቃጥለው የፀሐይ ጨረር ከ10 እስከ 12 ከመቶ ይጨምራል። ደባርቅ ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የምትገኝ ከተማ ናት። ብርዱ ቢያታልለንም ፀሐይዋ ብርቱ ናት። የቆዳ ጥቁረት ፈጣሪ ለዚህች ፀሐይ የሰጠን ጃንጥላ ነው። የሚያቀላ ቅባት ይህን ጃንጥላ ከሰው ላይ ይነጥቃል፤ በግ ስትጠብቅ፣ ውኃ ስትቀዳ፣ ገበያ ስትወጣ ለምትውል ልጅ ምን ያህል እንደሚከብድ መገመት አያስቸግርም።

6. የቤተክርስቲያን ትምህርት

በዚያን ጊዜ የነበረው የማኅበራዊ ግንኙነት ጳጳሳዊ ምክር ቤት በፌብሩዋሪ 22 ቀን 1997 እ.ኤ.አ. በማስታወቂያ ሥነ ምግባር ላይ አንድ ሰነድ አውጥቶ ነበር። ሰነዱ ማስታወቂያን በጅምላ አይኮንንም፤ በሦስት መመዘኛ እንዲፈተን ግን ያስተምራል፤ እነርሱም እውነተኛነት፣ የሰው ልጅ ክብርና ማኅበራዊ ኃላፊነት ናቸው። ሴቶች እንደ ዕቃ የሚታዩበትን ማስታወቂያም ለይቶ ይነቅፋል። በአገራችንም የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል፤ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ደግሞ የመዋቢያ ዕቃዎችን ከቁጥጥር ሥር ያደርጋል።

ቅዱስ መጽሐፍም ውበትን አይንቅም። ዳዊት ሲቀባ መልከ መልካምና ቀይ እንደ ነበረ ይናገራል፤ በዚያው ምዕራፍ ግን እግዚአብሔር እንደ ሰው ፊትን አይቶ እንደማይመርጥ ለሳሙኤል ተነግሮታል። በመኃልየ መኃልይ ደግሞ ሙሽራዪቱ ጥቁርና ውብ መሆኗን ሳታፍር ትናገራለች። የጠቆረችውም ወንድሞቿ የወይን ቦታ ጠባቂ አድርገዋት ፀሐይ ስለ መታት መሆኑን ገልጻ፣ ሰዎች በዚህ እንዳይመለከቷት ትጠይቃለች። እንግዲህ ቀዩ ዳዊትም ጥቁሯ ሙሽራ በአንድ መጽሐፍ ውስጥ በክብር ተቀምጠዋል። በፀሐይ የጠቆረችው እረኛ ልጃችንም በዚህ መጽሐፍ ውስጥ መልኳን ታገኛለች። ሰው በእግዚአብሔር አርአያና አምሳል ተፈጥሯል ብለን የምናምን ከሆነ፣ ይህ አርአያ በክሬም የሚታረም ስሕተት ሊኖርበት አይችልም።

የአገራችን ልጅ ሊያ ከበደ በ2003 እ.ኤ.አ. ኤስቴ ሎደር ለተባለው ታላቅ የመዋቢያ ኩባንያ የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት አስተዋዋቂ ሆና ስትመረጥ ብዙዎች ደስ ብሏቸዋል፤ ተገቢም ነው። ነገር ግን በሥዕሉ ላይ ያለው ፊት የእኛን ቢመስልም፣ «እንደ እርሷ ካልሆንሽ ጎደለሽ» የሚለው ነገር አብሮ ከመጣ ቁስሉ ያው ነው። ይልቁን ልብ የሚነካው ይህች ሴት ታዋቂነቷን ያዋለችበት ነው። በ2005 ለእናቶችና ለሕፃናት ጤና የዓለም ጤና ድርጅት የበጎ ፈቃድ አምባሳደር ሆነች፤ በ2007 ደግሞ የኢትዮጵያ ሸማኔዎች ሥራ እንዲያገኙ «ለምለም» የተባለውን ድርጅት መሠረተች። ፊት ክብሩ ወደ ማን እንደሚመለከት ነው።

7. ምን እናድርግ?

ወላጆች ሆይ፤ ልጆቻችሁን በቆዳቸው ቀለም አትጥሩ፤ እኅትን ከእኅት አታወዳድሩ። እንግዳ ቢያወዳድር እንኳ ዝም አትበሉ።

ወንዶች ወጣቶች ሆይ፤ የእናንተ ቃል ከማስታወቂያ ይልቅ ይሰማል። በገበያና በትምህርት ቤት በር ላይ የምትወረውሩት ቀልድ የአንዲትን ልጅ የዓመት እንቁላል ገንዘብ ሊያስከፍል እንደሚችል አስቡ።

በውበት ሳሎን የምትሠሩ እኅቶች ሆይ፤ ሥራችሁ የተከበረ ነው፤ ሙሽራን የምታስጌጡ እናንተ ናችሁ። የማታውቁትን ክሬም በማንም ፊት ላይ አትቀቡ፤ በደጃችሁም የአገራችሁን ሴት መልክ ስቀሉ።

ካህናትና ካቴኪስቶች ሆይ፤ ከመገሠጻችን በፊት እንጠይቅ። የተጎዳችውን ልጅ ከንቱ ነሽ ከማለት፣ ማን እንደ ጎዳት ማወቅ ይቀድማል።

ያች ተማሪ ከብዙ ወራት በኋላ ተመልሳ መጥታለች። በጤና ባለሙያ ምክር ፊቷ ቀስ በቀስ እያገገመ ነበር፤ በአንድ ጉንጯ ላይ ግን ጠባሳ ቀርቷል። እኛም በመጀመሪያ ይቅርታ ጠየቅናት። ቀጥለንም ያን ጊዜ ላቀረበችልን ጥያቄ እንዲህ ስንል መለስን፦ «ልጄ፣ የጠየቅሽን ኃጢአት መሆኑን ነበር። ኃጢአትስ አለ፤ ነገር ግን ከአንቺ ይልቅ ድርሻው የሚበዛው ፊትሽ እንከን ነው ብለን ያሳመንንሽ የእኛ ነው።» እርሷም ጠባሳዋን በጣቷ ዳሰስ አድርጋ ፈገግ አለች፤ ነጠላዋንም እንደ ወትሮዋ በትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ወጣች።

ለውይይት የቀረቡ ጥያቄዎች

ሀ/ በቤታችን በመልካቸው ምክንያት የወጣላቸው ስም ያላቸው ልጆች አሉ? ስሙን ሲሰሙ ምን ይሰማቸዋል?

ለ/ በዚህ ሳምንት ያያችሁትን አንድ የውበት ማስታወቂያ አስታውሱ። አስቀድሞ ምን ጉድለት አለባችሁ አላችሁ? ከዚያስ ምን ሸጠላችሁ?

ሐ/ በአካባቢያችሁ እንደ «ማርያም የሳመችው» ያሉ፣ እንከንን ወደ በረከት የሚለውጡ ምን አባባሎች አሉ?